ስም የለሽ ወርቅ፦ ከፒያሳ እስከ ሻኪሶ

በአዲስ አበባ ፒያሳ በወርቅ ቤቶች መስታወት ፊት የሚቆም መንገደኛ፣ በጥቁር ከፋይ ላይ የተዘረጋውን ሀብል፣ አምባር፣ ጉትቻና ቀለበት እያየ የሚያነሣው ጥያቄ ከሁለት አያልፍም፤ ስንት ካራት እንደሆነና የአንዱ ግራም ዋጋ ስንት እንደገባ። ካራት የወርቅን ንጽሕና የሚገልጽ መለኪያ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ሲባል፣ 18 ካራት የሚባለው ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ፣ አንዱ እጅ ደግሞ ለጥንካሬና ለመልክ የተቀላቀለ መዳብ ወይም ብር የሆነው ነው። ሻጩ ጌጡን በመስታወት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ሚዛን ላይ ያኖረዋል፤ ሚዛኗ ከነፋስ የምትከለለው የግራምን መቶኛ ክፍል ስለምትለይ ነው። ጤፍ ወይም ቅቤ በሚሸጥበት ገበያ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይታሰብም። ይሁንና ይህን ያህል ተጠንቅቆ የሚመዘን ዕቃ ከየትኛው ወንዝ እንደታጠበ፣ ከየትኛው ኮረብታ እንደተፈለፈለ የሚጠይቅ ገዢ፣ ቢጠየቅም ሊመልስ የሚችል ሻጭ አይገኝም ማለት ይቻላል። ይህ ማስታወሻ የሚከተለው መንገድ ከዚያ ሚዛን ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ጌጡ ገና አፈር ወደነበረበት ወደ ጉጂ ምድር የሚወርደውን ነው።

ከመንገዱ በፊት ግን አንጥረኛው ዘንድ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጌጥ ከሚያስከፍለው የሰው ዋጋ አንዱ የተከፈለው በእርሱ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከገቡት አርመናውያን መካከል ለቤተ መንግሥት ዘውድና ጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለነበሩበት፣ የከተማው ሰው የወርቅ ሥራን ከእነርሱ ጋር አያይዞ ማሰብ ይወዳል። ነገር ግን ከእነርሱ በፊትም ሆነ ከእነርሱ ጎን የአገሬው አንጥረኛ ነበረ፤ መስቀሉን፣ ድሪውን፣ የእግር አልቦውን፣ የጸጉር ወስፌውን የሚሠራው እርሱ ነበር። ይህ ሰው በሰሜኑ ደጋ እንደ ብረት ቀጥቃጩና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ጠይብ ይባል፣ በቡዳነት ይታማ፣ ከባለ ርስቱ ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰር ይከለከል ነበር። ወርቅና ብር ሠሪው ከብረት ሠሪው ጥቂት የተሻለ ከበሬታ ቢያገኝም ከሐሜቱ አላመለጠም። ጌጡን ያደረገችው ወይዘሮ ስትከበር ጌጡን የሠራው እጅ ይፈራ፣ ይናቅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያመለክታል።

ዛሬ ጠይብ የሚለው ስም ከከተማ ጠፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ መንደር ከፈረሰ ወዲህም ሙያው በቀሩትና ወደ ሌላ ሰፈር በተዛወሩት ቤቶች ቀጥሏል። ከመሸጫው ጀርባ ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍል አንጥረኛው በእሳት ያቀልጣል፣ በቦራክስ ያጣብቃል፣ በአሲድ ያጸዳል፤ ቦራክስ ብረቶች ሲበየዱ ዝገት እንዳይዛቸው የሚነሰነስ ነጭ ጨው መሰል ማዕድን ነው። በሞረድ የረገፈው ብናኝ፣ የወለሉ ጥራጊ ሳይቀር ተጠራቅሞ ይቀልጣል፤ አንድም ነገር አይጣልም። አንድ አዛውንት አንጥረኛ፣ ጎረምሶቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ስለ ወርቅ የመጀመሪያ ጠባይ ሲጠየቁ የሚያስረዱት ስለ ማብረቅረቁ አይደለም። ወርቅ ሲቀልጥ የትናንት መልኩን ጨርሶ ይተዋል ይላሉ፤ የአያት ድሪ፣ የተሰበረ ጉትቻና ትናንት ከወንዝ የወጣ ብናኝ በአንድ ማቅለጫ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማን የማን እንደነበረ የሚለይ ሰው የለም። ይህን የሚሉት እንደ ምስጋና ነው። የጉዞው ቀሪ ክፍል ግን ይኸው ጠባይ እንደ ክስ ሊነበብ እንደሚችል ያሳያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትሎ ሐዋሳ ከደረሰ በኋላ በሲዳማ እንሰትና ቡና መካከል ሽቅብ ይወጣል። እንሰት ለሰሜኑ ሰው ሙዝ ይመስለዋል፤ ፍሬ ግን አይበላለትም፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮና ቦክቶ ቆጮ ሲሆን ነው። ቆጮውን በቅቤና በቅመም ለውሰው የሚያቀርቡት ቡርሳሜ የቀረበለት እንግዳ፣ በተለይ ጤፍ የለመደ እንግዳ፣ በመጀመሪያው ጉርሻ ያመነታል፤ በሁለተኛው ግን ሸክላውን ወደራሱ ይስባል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ባለቤቱ አንዱን ሲነቅል ሌላውን ይተክላል፤ ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያለው ተክል ጎን ለጎን ይታያል። ከዚያ በኋላ ሐገረ ሰላምና ቦሬ ይመጣሉ፤ ቀርከሃ፣ ገብስ፣ ጭጋግና ብርድ ያለበት ከፍታ ነው። ከቦሬ ቁልቁል ሲኬድ የምድሩ መልክ ይለወጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ደን፣ ከሥሩም ደም የመሰለ ቀይ አፈር ይጀምራል። ቀይ አፈሩ ሲታይ ሾፌሮች ወርቅ ውስጥ ገባን ይላሉ።

አዶላ፣ በሌላ ስሟ ክብረ መንግሥት፣ ስሟ ከወርቅ ተለይቶ የማያውቅ ከተማ ናት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት የአዶላ ወንዞች ደለል ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋነኛ የወርቅ ምንጭ ነበር፤ እስረኞችና ከከተማ ጎዳና የተሰበሰቡ ሰዎች ለቁፋሮ ወደዚህ ይላኩ እንደነበርም በአካባቢው ሲነገር ኖሯል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ወርቅ ታሪክም ከዚህ አይርቅም፤ የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጦሩን ወደ ሱዳንና እስከ ፋዙግሊ ሲያዘምት የፈለገው ሁለት ነገር፣ ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ቤኒሻንጉል ለምኒልክ ከገበረ በኋላም የአካባቢው ሼኾች ግብር የሚከፈለው በወርቅ ነበር፤ ወርቁን ከወንዝ ከሚያጥቡት መካከልም ባሮች ነበሩበት። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስለ ወርቅ ከተማ ያለው ግምት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የራቀ ነው፤ ወርቅ የሚወጣበት ቦታ የበለጸገ ሆኖ ይታየዋል። አዶላ ግን እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ቤት፣ ባጃጅ፣ የሞባይል ካርድና የጫት መሸጫ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ። ከብዙ የወረዳ ከተማ የሚለያት ነገር ቢኖር በየሱቁ ጥግ የተቀመጠችው ትንሽ ሚዛን ብቻ ናት።

ጉጂ ኦሮሞ በዚህ ምድር ላይ የኖረው ከብት አርቢ ሆኖ ነው። በገዳ ሥርዓት፣ ማለትም ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የዕድሜ ክፍል ወደ ሌላው በሚተላለፍበት የአስተዳደር ሥርዓት፣ ሜዔ ቦኮ በተባለው ስፍራ ተሰብስቦ ሕጉን ያድሳል፤ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳ የሚቀበለውም በቡና ቀላ ነው፤ ያልተፈለፈለው የቡና ፍሬ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይጠበስና ከምርቃት ጋር ይቀርባል፤ ቡናው እንደ ከብት «ታረደ» ይባላል፤ ቅቤው ከሲኒው ውስጥ እየተቀዳ ፊትና ጸጉር ይቀባበታል። ለማኅበራዊ ክብር የሚደረገው ጌጥም ወርቅ አይደለም። አባ ገዳው ግንባሩ ላይ የሚያስረው ካላቻ፣ ሴቶች በሥርዓት ቀን የሚያንጠለጥሉት የጨሌ ጫጩ፣ ባለትዳሮቹ የሚይዙት የሲንቄ ዘንግ፣ የእነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚታወቀው በማን እጅ እንዳሉና በምን ሥርዓት እንደተገኙ ነው እንጂ በሚዛን አይደለም። ሙሽራን በወርቅ ካላስጌጠ ጥሎሽ የጎደለ የሚመስለው የከተማ ሰው እዚህ ሲደርስ፣ የሠርግ ወርቅ በሁሉም ዘንድ ያለ ሳይሆን በየአገሩ የተለያየ ልማድ መሆኑን ለመቀበል ይገደዳል። ከእግሩ ሥር ወርቅ ያለው ሕዝብ በወርቅ ሳያጌጥ ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የሻኪሶና የጉጂ ቡና ዛሬ በዓለም ገበያ በስሙ የሚፈለግ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የቡና ቤቶች በከረጢቱ ላይ ወረዳው፣ የታጠበበት ጣቢያ፣ የተዘራበት ከፍታ፣ አንዳንድ ጊዜም የገበሬው ስም ሳይቀር ታትሞ ይሸጣል። ገዢው ይህን ማወቅ ስለፈለገ ሻጩ መዝግቦ መያዝ ተማረ። ከዚያው ኮረብታ፣ ከዚያው ቡና ሥር ካለው አፈር የሚወጣው ወርቅ ግን ስም የለውም። አንድ ሲኒ ቡና የመጣበትን ጓሮ መናገር ሲችል፣ ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚወደድ ቀለበት ይህን መናገር የማይችለው አንጥረኛው እንዳሉት ስለሚቀልጥ ብቻ ነው ማለት ያዳግታል። የሚጠይቅ ገዢ ባለመኖሩም ጭምር ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ በየወንዙ ዳር ባህላዊ አምራቾች ይታያሉ። በኢትዮጵያ በዚህ ሥራ የሚተዳደረው ሰው በብዙ መቶ ሺሕ የሚገመት ሲሆን፣ መሣሪያው ዶማ፣ አካፋና ከእንጨት የተቦረቦረ ገበቴ ነው። ወንዶቹ ከአንድ ሰው ቁመት እጅግ የሚጠልቅ ጠባብ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ወርቅ አዘሉ የጠጠር ንብርብር ሲገኝ በጎን እየቦረቦሩ ይከተሉታል፤ አፈሩ በገመድ ወጥቶ ሴቶቹ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው በገበቴ እያሽከረከሩ ያጥቡታል። ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ሲፈስ፣ ከሥር ጥቁር አሸዋ፣ ከጥቁሩ አሸዋ መካከል ደግሞ ዓይን የማይሞላ ቢጫ ብናኝ ይቀራል። ጉድጓዱ ድጋፍ ስለሌለው ዝናብ ሲጠግብ ይደረመሳል፤ በክረምት በየዓመቱ ሰው የሚቀበርበት ምክንያት ይህ ነው። የተተወው ጉድጓድ ደግሞ ተመልሶ ስለማይደፈን ውኃ ያቁራል፣ ወባ ያራባል፣ ጥጃ ይበላል። «አባቴ፣ ለምን አትደፍኑትም?» ተብለው የተጠየቁ አንድ የጉጂ ሽማግሌ፣ የሚቆፍረው ልጅ ነገ ሌላ ቦታ ነው፤ ጉድጓዱ ግን ለእኛ ይቀራል ብለው መልሰዋል።

ስለ ማዕድን የሚያስብ የከተማ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በትልቁ ማሽን ላይ ጭኖ ገበቴ የያዘውን ድሀ ነጻ ያወጣዋል። ወንዙ ዳር ሲቆም ይህ ክፍፍል አይጸናም። ገበቴና ውኃ ብቻ የሚጠቀመው አጣቢ በእርግጥ መርዝ አይለቅም፤ ነገር ግን በዓለም ብዙ አገሮች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች፣ ብናኙን ለመሰብሰብ ሜርኩሪ፣ በአማርኛ ባዜቃ የሚባለው ፈሳሽ ብረት፣ እየገባ ነው። ባዜቃ ወርቁን ይዞ ለስላሳ ድብልቅ ይሆናል፤ ድብልቁ በመጥበሻ ወይም በቆርቆሮ ላይ ሲጋይ ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነው በሚያቃጥለው ሰውና አጠገቡ ባለው ሕፃን ሳንባ ይገባል፤ ቀሪው ወንዝ ውስጥ ወርዶ በደቃቅ ተሕዋስያን አማካይነት ወደ ባሰ መርዝነት ይለወጥና በዓሣ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል፤ በማኅፀን ያለን ፅንስ አእምሮ የሚጎዳውም በዚህ መልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ ከተማ ይፋ የሆነው በሽታ ከኬሚካል ፋብሪካ በተለቀቀ ሜርኩሪ የመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በዚያች ከተማ ስም ተጠራ። ዛሬ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ትልቁን ድርሻ፣ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጠውን የሚያወጣው ግን ፋብሪካ ሳይሆን ባህላዊና አነስተኛ የወርቅ ሥራ ነው። በናይጄሪያ ዛምፋራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላ ዓይነት መርዝ ታየ፤ ወርቁ ያለበት ድንጋይ እርሳስ ያዘለ ስለነበረ በየግቢው በወፍጮ ሲፈጭ አቧራው ከ400 በላይ ሕፃናትን ገደለ። እናቶቻቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር በቤታቸው ሆነው ለዕለት ጉርስ መሥራት ነበር።

የሚገርመው፣ ለባዜቃ ምትክ ሊሆኑ ከሚችሉት ነገሮች አንዱ በፒያሳው አንጥረኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቦራክስ መሆኑ ነው። በፊሊፒንስ ቤንጌት አካባቢ ያሉ አነስተኛ አምራቾች ጥቁሩን አሸዋ በጥንቃቄ አጥበው በቦራክስ እያቀለጡ ያለ ሜርኩሪ ወርቅ ማውጣት ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ዘዴው ትዕግሥትና የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ባዜቃ ግን በጠርሙስ ተሞልቶ ከወርቅ ገዢው ጋር አብሮ ይመጣል።

ከአዶላ አልፎ ሻኪሶ ይገኛል፤ ከሻኪሶ አጠገብም የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን። ማዕድኑ በመንግሥት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚድሮክ ለተባለው የግል ኩባንያ በ172 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ ትልቅ የወርቅ ማምረቻ ነበር። እዚህ ገበቴ የለም። ኮረብታው በፈንጂ ይፈርሳል፤ ድንጋዩ ተጭኖ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ሳያናይድ በተባለ፣ ወርቅን ከድንጋይ የማሟሟት ኃይል ባለው ጨው በተበጠበጠ ውኃ ውስጥ በትላልቅ ጋኖች ይቆያል፤ ወርቁ በከሰል ተለቅሞ ሲወጣ የቀረው ጭቃ በግንብ ወደ ታጠረ የዝቃጭ ግድብ ይፈስሳል። በእንዲህ ያለ ማዕድን አንድ ቶን ድንጋይ የሚሰጠው ወርቅ በጥቂት ግራም የሚቆጠር ነው። ባለ 4 ግራም የ18 ካራት ቀለበት 3 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው፤ ቶኑ 2 ግራም በሚሰጥበት ቦታ ለእርሱ አንድ ቶን ተኩል ድንጋይ ይፈጫል፤ ወደዚያ ድንጋይ ለመድረስ የሚገለበጠው ባዶ አለት ሲታከልበት ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ በአሜሪካ የሚገኙ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች አንዱን ቀለበት በ20 ቶን ፍርስራሽ ይገምቱታል። የዝቃጭ ግድብ ሲጣስ የሚሆነውን ሩማንያ እ.ኤ.አ. በ2000 አይታዋለች፤ በባያ ማሬ 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ሳያናይድ ያለበት ውኃ አምልጦ የቲሳን ወንዝ ዓሣ ፈጅቶ እስከ ዳኑብ ወርዷል።

በለገደንቢ ግን እንዲህ በአንድ ሌሊት የታየ አደጋ አይደለም የሚነገረው። በዙሪያው ቀበሌዎች የሚኖሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያሰሙት አቤቱታ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነገር ነው፤ ፅንስ ስለሚያስወርዳቸው ሴቶች፣ አካላቸው ወይም አእምሯቸው ተጎድቶ ስለሚወለዱ ልጆች፣ ከወንዙ ጠጥተው ስለሚሞቱ ከብቶች። ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ለመካድ ይመቻል፤ ለእያንዳንዱ ሕመም ሌላ ምክንያት ማቅረብ አይቸግርምና። የማዕድኑ ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በተቃውሞው ሰው ከሞተና ብዙ ሰው ከታሰረ በኋላ መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ። ባለሙያዎች ውኃውን፣ አፈሩንና የነዋሪውን ጤና አጠኑ። በ2013 ዓ.ም. ማዕድኑ ሥራ ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ የጥናቶቹ ውጤት ለነዋሪው በሚገባ እንዳልተገለጸ፣ ብክለቱንም ለማረም በቂ ነገር እንዳልተደረገ አስታውቋል። በሻኪሶ ቡና አፍልቶ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ውኃውን ከየት እንደቀዳ ሳይጠየቅ የሚናገረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የቡና ሥርዓቱ አሁን የውኃን ምንጭ መግለጽንም ጨምሯል።

ከማዕድኑ ወደ ገበያው ሲታለፍ አንድ የጥንት ትረካ ይታወሳል፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ አክሱማውያን ወርቅ ስለሚያመጡበት ጉዞ ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ ከአክሱም የተላኩ ነጋዴዎች በአገው ምድር አልፈው ሳሱ ወደ ተባለ ሩቅ አገር ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠፍራሉ፤ ከብት አርደው ሥጋውን፣ አሞሌ ጨውንና ብረትን በእሾሁ ላይ አኑረው ይርቃሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ በፈለገው ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል አስቀምጦ እርሱም ይርቃል። የዕቃው ባለቤት ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ባለወርቁም ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋም ሆነ ፊት ለፊት መተያየት የሌለበት ግብይት ነበር። ይህ ልማድ የጥንት ሰው የዋህነት ተደርጎ ሲተረክ መስማት የተለመደ ነው። እንዲያውም ከዛሬው የወርቅ ገበያ ጋር ሲነጻጸር የሳሱ ሰው የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበር፤ ዋጋው ካላማረው ወርቁን አንሥቶ መሄድ ይችል ነበር፤ ወንዙም የራሱ ነበር።

የዛሬው ዝምታ ረጅም መንገድ አለው። በወንዙ ዳር ብናኙን የሚገዛ ደላላ ለከተማው ነጋዴ፣ ነጋዴው ለብሔራዊ ባንክ ወይም በድንበር ለሚያሾልክ ሰው ይሸጣል። የባንኩ ዋጋ ከጥቁር ገበያው ሲያንስ ወርቁ ወደ ድንበር ያደላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ በድንገት ጨመረ፤ በ2017 የበጀት ዓመትም ወርቅ በውጭ ምንዛሪ ገቢ ቡናን በለጠ። በጦርነት ከተጎዳችው ትግራይ እስከ ቤኒሻንጉል ቁፋሮው የተስፋፋው በዚሁ የዋጋ ግፊት ነው፤ በአንዳንዱ ቦታ መርዛማ ኬሚካሉም አብሮት ገብቷል። የለገደንቢ ወርቅ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ በስዊዘርላንድ ማጣሪያ ይነጻ ነበር፤ ከአፍሪካ የሚወጣው ያልተመዘገበ ወርቅ ግን በአብዛኛው የሚያርፈው በዱባይ ነው፤ ስዊስኤይድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይመዘገብ ከአፍሪካ የወጣውን ወርቅ በ435 ቶን ገምቶታል።

በዱባይ ዴይራ የወርቅ ገበያ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል በቢጫ በተሞሉት መስታወቶች ፊት፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይሰማል። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት የደመወዛቸውን ትርፍ በአምባርና በሀብል አድርገው ያስቀምጡታል፤ ብሩ ዋጋ እያጣ ሲሄድ ወርቅ አያሳፍርም፤ በሻንጣ የተያዘን ገንዘብ ወንድም ሊበደር ይችላል፤ እጅ ላይ የታሰረን አምባር ግን አይደፍርም። ይህን ብልኃት መንቀፍ አይገባም፤ ለባንክ ያልታደለች ሴት የራሷን ባንክ በክንዷ ላይ ሠርታለች። ሆኖም ከጉጂ መንደር ወጥታ ዴይራ ላይ አምባር የምትገዛ ልጅ፣ ምናልባት ከገዛ ወንዟ የታጠበውን ብናኝ በሁለት ዓመት የሰው ቤት ሥራ መልሳ እየገዛች ነው። ምናልባት የሚለው ቃል እዚህ የገባው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ከማቅለጫ የወጣ ወርቅ ከዚህ የበለጠ እንዲነገርለት ስለማይፈቅድ ነው።

በዓለም ላይ ከሚፈለገው ወርቅ ትልቅ ድርሻ ያለው ለጌጥ ይውላል፤ ከሚቀርበው ደግሞ ሩብ ያህሉ ከአሮጌ ጌጥና ዕቃ ቀልጦ የሚመለስ ነው። ፒያሳ ይህን ዓለም አቀፍ ድርጅት ሳይነግረው ያውቀዋል፤ የእናቷን ሀብል ይዛ መጥታ ለልጇ ቀለበት የምታሠራ ሴት በየቀኑ ትታያለች። አዲስ ወርቅ የሚገዛ ቤተሰብም ሻጩን ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ የሚያጣው ነገር የለም፤ ለጊዜው መልስ አያገኝም፤ የቡና ገዢዎችም መጀመሪያ አላገኙም ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚገባቸው ግን ገዢዎች አይደሉም። በለገደንቢ ዙሪያ ያሉ እናቶች የሚጠይቁት የውኃቸውና የልጆቻቸው ደም ምርመራ ያሳየው ምን እንደሆነ ነው፤ ውጤቱ በየቀበሌያቸው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሐኪም ባለበት ይነበብላቸው።